እበት፣ ጥንዚዛና የእማማ ኩበት፦ የአንድ ክረምት የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 24

ዝናቡ ጠና እያለ ነው። ከጎንደር ቁስቋም ማዶ ባለው ግጦሽ ላይ ላሞቹ ገና ከማለፋቸው እበቱ ላይ ግርግር ይጀመራል። መጀመሪያ ዝንብ ይደርሳል፣ ከዚያ ጥንዚዛ። ከጥንዚዛዎቹ መሃል አንዷን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ርዝመቷ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ራሷና አንገቷ መዳብማ፣ ጀርባዋ ደማቅ አረንጓዴ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል። እበት ውስጥ እየኖሩ እንዲህ መዘነጥ!

የዚህ ክረምት ሥራዬ እሷ ናት። ስለ እበት ጥንዚዛ ጥቅም የተጻፈ ሞልቷል፤ አፈር ታናፍሳለች፣ ዝንብ ትቀንሳለች፣ ምናምን። እኔ ማየት የፈለግሁት እዚሁ እኛ መሬት ላይ፣ እበቱ ለኩበት በሚለቀምበት አገር፣ ለሷ ምን ሥራ እንደሚተርፋት ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ ሻሽ፣ አሮጌ አጎበር፣ ከአናጢ ቤት የተለመነ ጣውላ፣ ሁለት የመስኮት መስታወት። ገንዘብ ያስወጣኝ መስታወቱ ብቻ ነው።

ሰኔ 28

ወጥመዱን ቀበርኩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የጀሪካኑን የታች ግማሽ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን ትቀብረዋለህ። ጠርዙ ትንሽ እንኳ ከፍ ካለ ጥንዚዛዋ ዞር ብላ ታልፈዋለች። ታቹን በምስማር ትበሳዋለህ፤ አለዚያ ለጎንደር ክረምት አንድ ሌሊት ይበቃዋል፣ ጠዋት የምታገኘው የሰመጠ ጥንዚዛ ነው። ከዚያ ትኩስ እበት በሻሽ ጠቅልለህ በሁለት ዱላ ከላዩ ታንጠለጥላለህ። ሽታው ስቧት ትመጣለች፣ ሻሹ ሥር ስትንጎራደድ ዘጭ ትላለች። ከዝናቡ እንዲከልል አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ አዘንብለህ ታቆምበታለህ። አለቀ።

እበቱ ግን ትኩስ መሆን አለበት። ካደረ ላዩ ቅርፊት ይይዛል፣ ሽታውም ይደክማል፣ ከዚያ በኋላ ዞር ብላም አታየው።

ለዚህ ደግሞ የላሞቹን ባለቤት ማስፈቀድ ነበረብኝ። «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ እበት ልውሰድ?» ስላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ምነው ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ተምረህ መጨረሻህ እበት ለቀማ ሆነ?» አሉኝ። ከዚያ ሳቁ። ፈቅደዋል። ግን አንድ ነገር አስጠንቅቀውኛል፤ ከበረት አጠገብ ያለውን እንዳልነካ። እሱ የጓሮው ነው።

ሐምሌ 1

ወጥመዱ ሠርቷል። ከሁሉ የበዙት ጥቁር ጥቃቅኖች ናቸው፣ እህል የሚያህሉ። ጥቂት ቡናማዎች አሉ። አረንጓዴዎቹም አሉ፣ እንደ ሌሎቹ አይንጫጩም፤ ጥጋቸውን ይዘው ግድግዳውን ይቧጥጣሉ።

አንዷን ገልብጬ በማጉያ መነጽር አየኋት። የፊት እግሮቿ ሰፋ ያሉና ጠርዛቸው ጥርስ ያወጣ ነው፤ በግልጽ መቆፈሪያ ናቸው። ራሷም ፊቷ ጋ ጠፍጣፋ ነው፣ አፈሩን የምትገፋበት። ሆዷ ሥር፣ እግሮቿ ከሚጋጠሙበት ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቡናማ ነገሮች ተለጥፈው ይርመሰመሳሉ። የእማማ የልጅ ልጅ አንገቱን አስግጎ አይቶ «ቅማሏ ነው» ብሎ ደመደመ።

ቅማል አይደለም። የመዥገር ዘመዶች ናቸው። ክንፍ ስለሌላቸው ከእበት ወደ እበት የሚሄዱት ጥንዚዛ ላይ ተሳፍረው ነው። ሲደርሱ ይወርዱና የዝንብ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ይበላሉ። ታሪፉን የሚከፍሉት በዚህ ነው፤ የዝንቡ እጭ ባነሰ ቁጥር እበቱ ለጥንዚዛዋ ልጆች ይተርፋል። ልጁ ይህን ሲሰማ ነፃ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ካልቆጠርኩ አለ። ተውኩት ይቁጠር።

ሁሉንም ለቀቅኋቸው፣ ጥቂት አረንጓዴዎች ብቻ በእርጥብ አፈር ማሰሮ ውስጥ አስቀረሁ።

ሐምሌ 3

ስለ ነፍሳት ለሚያስተምር ወዳጄ ፎቶ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነው፦ «ኦንቶፋጉስ ከሚባለው ወገን ትመስላለች፣ ከዚያ በላይ በፎቶ አትጠይቀኝ።» እውነቱን ነው። ኦንቶፋጉስ የሚባለው ወገን ብቻውን ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ በዓለም ላይ ካሉት የእንስሳት ወገኖች ሁሉ በዝርያ ብዛት ከታወቁት አንዱ ነው። ስለዚህ እዚህ ማስታወሻ ላይ «አረንጓዴዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ስልክ ላይ «ባለቀለም የእበት ጥንዚዛ» ብላችሁ ብትፈልጉ ቀድማ የምትመጣው ፋኔየስ ቪንዴክስ የምትባለው የሰሜን አሜሪካዋ ናት። እሷም አረንጓዴና መዳብማ ናት፣ ወንዱ ወደ ኋላ የቆለመ ረጅም ቀንድ አለው። ፎቶዋ ቆንጆ ስለሆነ ሰው ሁሉ የኛን እሷ ናት ይላል። አይደለችም። የፋኔየስ ወገን ከአሜሪካ አህጉራት ውጭ የለም።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር። እንዲህ ዓይነቱ ብረትማ ቀለም እንደ ልብስ ቀለም የተነከረ አይደለም። ቅርፊቷ እጅግ በስሱ የተነባበሩ ሽፋኖች አሉት፣ ብርሃኑ እነሱ ላይ ሲነጥር የተወሰነው ቀለም ብቻ ወደ ዓይናችን ይመለሳል። ለዚህ ነው ከሞተች በኋላ ዓመታት ቆይታም የማይደበዝዘው። ፊዚሲስቱ አልበርት ማይክልሰን በ1911 እ.ኤ.አ. ከአንድ አብረቅራቂ ጥንዚዛ ጀርባ የሚመለሰው ብርሃን እየተሽከረከረ እንደሚጓዝ አስተውሎ ነበር፤ አንዳንዶቹን በ3ዲ ሲኒማ መነጽር ስታያቸው በአንዱ ዓይን ያበራሉ፣ በሌላው ይጠቁራሉ። መነጽሩ ያለው ሰው ካለ ያውሰኝ፣ የኛዋ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ልሞክርባት።

ሐምሌ 7

ሥላሴ ነው። ከተማው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል፣ እኔም ወጣሁ። ሥራ የለም ብልም ከቅጥሩ ውጭ አህዮች የቆሙበት ጋ ፋንድያውን በእግሬ ገለጥ አድርጌ ማየቴ አልቀረም። ትናንሽ ጥቋቁሮች ብቻ። አረንጓዴዋ የላም እበት ትመርጣለች ማለት ነው፣ ወይም ከተማ አትወድም። ነጠላ ለብሼ ፋንድያ ላይ ሳጎነብስ ያየችኝ ዘመድ ምን እንዳለች ባላወራ ይሻላል።

ሐምሌ 10

ሣጥኑ ተሠራ። ሁለቱን መስታወቶች ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በሚያራርቅ ጣውላ አገናኘኋቸው፣ ጠርዙን በሲልከን ዘጋሁት። ታቹ ውሃ ማስወጫ አለው። ከዚያ አፈር በየተራ፦ አንድ ንብር ጥቁር፣ አንድ ንብር ቀይ፣ እንደገና ጥቁር። የቀለሙ ምክንያት ቀላል ነው፤ ጥንዚዛዋ ስትቆፍር የትኛውን ንብርብር ወዴት እንዳወጣችው በዓይን ይታያል። ከላይ አንድ ጭብጥ እበት፣ ከዚያ ወንድና ሴት።

መስታወቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንኩት። ጨለማ ካልሆነላት መስታወቱን ሸሽታ መሃል ለመሃል ነው የምትቆፍረው፣ ከዚያ ምንም አታይም።

ሐምሌ 13

ጨርቁን ማታ በቀይ ባትሪ እየገለጥኩ ነው የማየው። ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም።

ሴቷ ከእበቱ ሥር ቀጥ አድርጋ ቆፍራ ወርዳለች። ከአንድ ስንዝር በላይ። ቀዩ አፈር ላይኛው ጥቁር ላይ ተቆልሏል። ወንዱ ከላይ እበት እየቆነጠረ በፊት እግሮቹና በራሱ እየገፋ ያወርድላታል፣ እሷ ታች ሆና ትጠቀጥቃለች። ሲያወርድ የሚንሸራተትበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ የኋላ እግሮቹን ግራና ቀኝ ይወጥራል፣ ከዚያ ሸርተት እያለ ይወርዳል። ይህን ደጋግሞ ሲያደርገው ሳይ ሻዬ በረደ።

የወንዱ ቀንድ ሌላ ወሬ አለው። ከዚህ ወገን በብዙዎቹ ዘንድ ቀንድ የሚወጣው በዘር ብቻ አይደለም፤ እጭ ሆኖ ጠግቦ የበላ ትልቅ ይሆናል፣ ቀንድም ያወጣል። ምግብ ያነሰው ትንሽ ሆኖ ያለ ቀንድ ይቀራል። ቀንዳሙ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሌላ ወንድ እንዳይገባ ይጠብቃል። ቀንድ የሌለው ደግሞ አይታገልም፤ ከጎን ሌላ መሿለኪያ ቆፍሮ ከሥር ይገባል። እኛ ሣጥን ውስጥ አንድ ወንድ ብቻ ስላለ ሰላም ነው። ጉልበታቸው ግን ቀልድ አይደለም፤ ኦንቶፋጉስ ታውሩስ የሚባለው ዘመዳቸው በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የክብደቱን 1,141 እጥፍ ሲጎትት ተለክቷል።

ሐምሌ 16

ሜዳው ላይ ዋናውን ሙከራ ጀመርኩ። ከአንድ ላም የወጣ እበት እኩል ከፍዬ፣ ግማሹን ገላጣ ተውኩ፣ ግማሹን ባጎበር ሸፈንኩ፤ ጠርዙን በድንጋይና በአፈር ቀበርኩት። እንዲህ ያለ ጥንድ በተለያየ ቦታ አስቀምጫለሁ።

ልብ በሉ፣ አጎበሩ ዝንብንም ይከለክላል። ስለዚህ ይህ ሙከራ ስለ ዝንብ ምንም አይናገርም። የምጠይቀው አፈሩን ብቻ ነው።

ማታውኑ ገላጣው ዙሪያ ትኩስ የአፈር ቁልሎች ተነስተው ነበር። ጠዋት ደግሞ ያ ረጅም ጥምዝ መንቁር ያለው ጩኸታም ወፍ፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚገኘው፣ መንጋውን ይዞ መጥቶ እበቱን እየወጋ ጥንዚዛና እጭ ይለቅማል። አባረርኩት ማለት አልችልም፤ እሱም የዚሁ ሥራ አካል ነው።

ሐምሌ 22

ገላጣው እበት ፈራርሷል። በእንጨት ሲነኩት ውስጡ ባዶ ነው፣ የቀረው ገለባና አቧራ መሳይ ነገር ነው። የተሸፈነው ዝናብ እየመታው እንኳ እንዳለ አለ፤ ሥሩ ያለው ሣር ቢጫ ሆኗል።

አውስትራሊያውያን ይህን የተማሩት በትልቁ ነው። እዚያ የነበሩት ጥንዚዛዎች የለመዱት የካንጋሮን ደረቅ ፍግ ነበር፤ አውሮፓውያን ላም ሲያስገቡ እርጥቡን እበት የሚቀብር ጠፋ። ሜዳው በእበት ተሸፈነ፣ ዝንቡም ሰው አላስቀምጥ አለ። ሀንጋሪ ተወላጁ ጆርጅ ቦርኔሚሳ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ከአፍሪካና ከሌላ ቦታ ጥንዚዛ የማስገባቱን ሥራ አስጀመረ፤ ከ20 በላይ ዝርያዎች እዚያ ተላምደው ቀሩ። እኛ በነፃ ያለንን እነሱ በመርከብና በአውሮፕላን አስጫኑት።

ሐምሌ 27

ዛሬ ከእማማ ጋር ስለ ኩበት አወራን። ይህን ወሬ እኔ እየፈራሁት ነበር የቆየሁት። የክርክሩ መጨረሻ ግልጽ ይመስላል፦ እበቱ ሁሉ ምጣድ ሥር ከገባ ለጥንዚዛዋ ምን ይቀራል? ሲቃጠል ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል፣ ለአፈሩ የሚቀረው አመድ ነው። ግን ማገዶ በሌለበት «ኩበት አትጥፈጥፉ» የሚል ሰው ራሱ እንጀራ ጋግሮ አያውቅም።

እማማ ግን የነገሩኝ ሌላ ነው። «በክረምት ማን ኩበት ይጠፈጥፋል? አይደርቅ! ሻጋታ ነው የሚሆነው። እኛ የምንጠፈጥፈው ዝናቡ ሲወጣ ነው፤ ለክረምት የሚሆነውን በበጋ አድርቀን እናስገባለን።»

በቃ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ተፈታልኝ። ጥንዚዛዋ ሥራዋን የምትሠራው በክረምት ነው፣ አፈሩ ሲለሰልስ፣ እበቱም እርጥብ ሆኖ ሲቆይ። በጋ ላይ እበቱ በአንድ ቀን ፀሐይ ይጠነክራል፣ መሬቱም አይቆፈርም፤ አረንጓዴዋም አትታይም። ስለዚህ የክረምቱን እበት ሜዳው ላይ መተው ማንንም ማገዶ አያሳጣም። ቀድሞውንም አብዛኛው የሚተወው ነው። እኔ ጠብ ያየሁበት ቦታ ላይ እማማ ድሮ ጨርሰውታል።

አንድ የሚያጣላ ነገር ቀርቷል፤ ለጓሮ ማዳበሪያ የሚከመረው። እሱን ግን አልነካም ብያለሁ።

ነሐሴ 6

ሣጥኑን ከጎን ከፈትኩ። በመሿለኪያው መጨረሻ ላይ በደንብ የተጠቀጠቁ የእበት እንክብሎች አሉ፤ በየአንዳንዱ ውስጥ አንድ እንቁላል ነው የሚጣለው፣ አንድ ልጅ አንድ ጎተራ። እናትየዋ ከእንቁላሉ ሥር የራሷን ኩስ ትንሽ ታኖርለታለች፤ ልጁ ሲፈለፈል መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው፣ ለምግብ መፍጫ የሚያስፈልጉትን ጀርሞች ከዚያ ያገኛል። ትልልቆቹ እበቱን አያላምጡም፤ ፈሳሹንና እጅግ የላመውን ብቻ ነው የሚወስዱት። ገለባውን የሚፈጨው እጩ ነው።

አንዱን እንክብል በመርፌ በሳሁት። ውስጡ ነጭ፣ ጀርባው የጎበጠ እጭ አለ። ብርሃኑ ሲገባበት ደነገጠ መሰለኝ ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ግን ተመልሶ ዞረና ኋላውን ወደ ቀዳዳው አምጥቶ ኩሱን ጨመቀበት፤ ከዚያ እንደገና ተገልብጦ በአፉ ደለደለው። ቀዳዳው ተዘጋ። ሌላ ቀዳዳ ብበሳበትም ያንኑ አደረገ። አየር ከገባ እንክብሉ ይደርቃል፣ እሱም አብሮ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጥገናው የሞት ሽረት ነው። ይህን በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ፣ ጥራቱ ግን የሚያሳፍር ነው።

መልሼ በአፈር ሸፈንኳቸው።

ነሐሴ 14

የውሃ ሙከራ። ታችና ላዩ የተቆረጠ ጣሳ ወስጄ እበቱ የነበረበት ቦታ ላይ በመዶሻ ሁለት ጣት ያህል መሬት ውስጥ አስገባሁት፤ አንዱን ገላጣው በነበረበት፣ አንዱን ባጎበሩ ሥር። እኩል ውሃ ሞላሁ። ዝናብ ያልጣለበት ጠዋት መርጬ ነው፣ ካልሆነ መሬቱ ጠጥቶ ስለሚጠግብ ልዩነቱ አይታይም።

ጥንዚዛ በቆፈረው በኩል ውሃው ገብቶ ሲያልቅ፣ ባጎበሩ በኩል ግማሹ ገና ጣሳው ውስጥ ነበር። አንዱ ጥንድ ላይ ግን ልዩነት የለም፤ ሥሩ ድንጋይ ነው። ይህን ሁሉ ተዳፋት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ወደ ውስጥ ያልገባ ውሃ አፈር ይዞ ነው ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወርደው። ጥንዚዛ ብቻዋን ጎርፍ ታቆማለች አላልኩም። ግን ማንም ሳይከፍላት ስትቆፍር ታድራለች።

ነሐሴ 26

ስለ መርፌው። እማማ ላሞቻቸውን ክረምት ሲገባና ሲወጣ የጥገኛ ትል መድኃኒት ያስወጋሉ። መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ከሆነ ነገሩ ከጥንዚዛዋ ጋር ይያያዛል። አብዛኛው መድኃኒት ሳይለወጥ ከእበቱ ጋር ይወጣል፣ ይህም ከመርፌው በኋላ ለሳምንታት ሊቀጥል ይችላል። ትልልቆቹ ጥንዚዛዎች ላይሞቱ ይችላሉ፤ እንክብሉ ውስጥ ያለው እጭ ግን ሌላ የሚበላው የለውም። እንደ አልቤንዳዞል ያሉት የሚዋጡ መድኃኒቶች በጥንዚዛ ላይ ያን ያህል ጉዳት የላቸውም።

እዚህ ላይ ጥንዚዛን አስቀድሜ ላምን አላሳምምም። ላም የታመመባቸው እናት ፊት ስለ ጥንዚዛ አልሰብክም፣ የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ትል እንደሚሆንም የሚያውቀው የእንስሳት ሐኪሙ ነው። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፦ «እማማ፣ የተወጋችዋን ላም እበት ለየት አድርገው ከበረት አጠገብ ይከምሩት፣ ሜዳው ላይ ያልተወጉት ይዋሉ፤ ሐኪሙንም ሁሉም መወጋት አለባቸው ወይ ብለው ይጠይቁልኝ።» «የታመመችዋን ብቻ ከሆነማ ብርም ይተርፈኛል» አሉ። ስለ ብር ሳላነሳ ነው የደረሱበት።

መስከረም 18

ሣጥኑ ውስጥ አንዱ እንክብል ከላይ ተቀዷል። አዲሷ ወጥታለች። ገና ለስላሳ ናት፣ ቀለሟም ቀይ ቡናማ ነው፤ አረንጓዴው ቅርፊቷ እየጠነከረ ሲሄድ ነው የሚመጣው። ሁለቱ እንክብሎች ሻግተዋል፣ ውሃ አብዝቼባቸው ሳይሆን ታችኛው ንብርብር ጥቁር አፈር ስለሆነ ነው፤ ውሃ ይይዛል። ለከርሞ ታቹን አሸዋ አደርገዋለሁ።

ሜዳው ደርቆ እማማ ጥፍጠፋ ጀምረዋል፣ ወጥመዱንም ነቅያለሁ። በሚመጣው ሰኔ ላሞቹ ከመወጋታቸው በፊትና በኋላ ያለውን እበት ለየብቻ አስቀምጬ የሚፈለፈለውን አወዳድራለሁ። እማማ መርፌው የሚሰጥበትን ቀን ሊነግሩኝ ተስማምተዋል። በምትኩ ጥር ላይ ኩበታቸውን እስከ ማድቤት ተሸክሜ እንዳደርስላቸው ቃል አስገብተውኛል።